ኦቭን የማያውቀው የገና ኩኪስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ከቅዳሴ ተመልሳችሁ ጋደም ያላችሁም፣ ወጡን ለማድረስ ጓዳ የምትሯሯጡም፣ ቤታችሁ ሰላም ይሁን። ዘንድሮ ስለ ኩኪስ ላውራችሁ።

እዚህ አሜሪካ ዲሴምበር ሲገባ በየቤቱ ከሚሠራው ጣፋጭ ሁሉ እኔ የምወደው ኦቭን የማይገባውን የድሮ እናቶችን ኩኪስ ነው። ሁለት ኩባያ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ካካዎ፣ ግማሽ ኩባያ ቅቤና ግማሽ ኩባያ ወተት አንድ ላይ ይጣዳል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ላይ ነው። ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሐሉም ሲንተከተክ፣ እያማሰላችሁትም መፍላቱን አላቆም ሲል፣ ያኔ ሰዓት ይያዛል። ቶሎ ከወረደ ውሃው ስለማያልቅ ኩኪሱ አይጠነክርም፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ከቆየ ደግሞ ይደርቅና ይፈረፈራል። እንደወረደ ግማሽ ኩባያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ጠብታ ቫኒላና ሦስት ኩባያ አጃ ጨምሮ ፈጠን ብሎ ማማሰል ነው፤ በማንኪያ እየተጨለፈ ወረቀት ላይ ይቀመጥና እስኪጠነክር ይጠበቃል። አጃው ቶሎ የሚበስለው ደቃቁ ይሁን። ኩዌከር የሚባለው የአሜሪካ የአጃ ኩባንያ በ1922 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለቁርስ ብሎ ያወጣው ዓይነት ማለቴ ነው፤ እዚህ ላይ አጃውን የሚያለሰልሰው ያ ትኩስ ስኳር ብቻ ስለሆነ ወፍራሙ ጥሬ ጥሬ ይላል።

ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት። የእሳቸው ገና ሲደርስ በሳህን ሞልተው ያመጡልን ነበር። እኛ ግን ያኔ ኅዳር 15 የገባውን ጾመ ነቢያት አልፈታንም፤ ቅቤና ወተት አንቀምስም። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ብዙም ሳይናገሩ ሰምተውኝ ሄዱ። በዓመቱ ሁለት ሳህን ይዘው በሩን አንኳኩ። አንዱ መጾም ላልጀመሩት ልጆቼ ነው። ሁለተኛው በቅቤ ፈንታ የኮኮናት ዘይት፣ በወተት ፈንታ የአጃ ወተት የገባበት፣ የእኔው የጾም ኩኪስ ነበር። ጽሑፉን አንብቤ እንድረጋጋ የአጃ ወተቱን ካርቶን ሳይቀር ይዘውልኝ መጥተዋል። እሳቸው የማይጾሙትን ጾም እንዲህ ተጠንቅቀው ሲጠብቁልኝ ሆዴ ተላወሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ናቸው።

እኔም በ13 ቀኑ የእኛ ገና ሲደርስ ጭኮ ይዤላቸው እሄዳለሁ። እሱም ኦቭን አያውቅም። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተሸክሽኮ፣ ተፈጭቶ በሶ ከሆነ በኋላ በንጥር ቅቤ መታሸት ነው፤ ጨው፣ ከወደዳችሁም ኮረሪማ። ቅቤው ሞቅ ብሎ በትንሽ በትንሹ ይጨመር፤ ዱቄቱ ሁሉ ቅቤ እስኪጠጣ ደጋግሞ ማሸት ነው፣ እዚህ ላይ የሚሰንፍ እጅ ጭኮ አይሠራም። ልጆቼ ይህን ሥራ ይወዱታል፤ የሚያቃጥል ነገር ስለሌለበት እኔም እጃቸውን አልከለክልም። ውሃ ስለማይነካው ብዙ ይቆያል፤ የሩቅ መንገደኛ ስንቅ የነበረውም ለዚህ ነው። ጎረቤቴ መጀመሪያ የቀመሱት ዕለት ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙና ስለ ቅቤው ጠየቁኝ፤ ሲነጠር ምን ምን ቅመም እንደሚገባበት ሁሉን አስጽፈውኛል። አሁን በየዓመቱ የማስቀምጥላቸው ድርሻ አላቸው።

ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ በሰው ቤት በሥራ ላይ ሆናችሁ በዓሉን የምታሳልፉ እህቶቼ፣ እናንተን ሳስብ ነው ይህን የጻፍኩት። ዶሮ ለመሥራት ጊዜውም ቦታውም ላይኖራችሁ ይችላል። ከሀገር ቤት የተላከ በሶ ካላችሁ ግን ማታ ሥራ ሲያበቃ በቅቤና በጨው እሹት፤ ቅቤ ከጠፋ በዘይትም ይሆናል። አብራችሁ የምትሠራውን፣ ኬንያዊትም ትሁን ፊሊፒናዊት፣ ጥሯትና አብራችሁ ቅመሱ። መልካም ገና!