ከኮርንድ ቢፍ ጋር ያሳለፍኳቸው አራት ወራት

ይህን ጽሑፍ ያኔ አንድ ሰው አስቀድሞ ጽፎልኝ ቢሆን ኖሮ አራት ወር ሙሉ አልሳሳትም ነበር።

የደም ምርመራ አድርጌ አይረን እንደሚያንሰኝ ተነገረኝ። ሐኪሙ ክኒን አዘዘልኝ። ምግቤንም እንዳስተካክል ነግሮ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ላከኝ። እኔ ደግሞ አምሽቼ ነው የምገባው፤ ሥጋ ገዝቶ፣ ከትፎ፣ አብስሎ ለመብላት ጉልበቱ አይኖረኝም። ስለዚህ የቆርቆሮ ኮርንድ ቢፍ መረጥኩ። በስሎ የታሸገ የበሬ ሥጋ ነው፤ ከፍቶ ማሞቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በምርጫው አላፍርም። 100 ግራም የቆርቆሮ ኮርንድ ቢፍ 27 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አይረኑ ወደ 2 ሚሊ ግራም ይጠጋል፤ ያውም ሰውነት ከእህልና ከአትክልት አይረን ይልቅ በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት ነው። ዚንክና ቫይታሚን ቢ12ም አለበት። ስቡ 15 ግራም ያህል ነው። ‹‹የቆርቆሮ ምግብ ሁሉ ባዶ ነው›› የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል።

የእኔ ስህተት ሌላ ቦታ ነው።

በየምሽቱ ግማሽ ቆርቆሮ እበላ ነበር። በየምሽቱ! የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ጋ ስሄድ በሳምንቱ የበላሁትን ሁሉ መዝግቤ ወሰድኩ። ከፊቷ ቅጽ ነበር። ‹‹ሥጋ›› የሚለው ላይ ‹‹አለ›› ብላ ምልክት አደረገች። ‹‹ፕሮቲንዎ ጥሩ ነው፣ ይቀጥሉበት›› አለችኝና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱ ‹‹የተመጣጠነ ምግብ ይመገቡ፣ ጨው አያብዙ›› ይላል። ምን ዓይነት ሥጋ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ስንት ግራም እንደሆነም አልጠየቀችኝም። መዝገቤ ላይ ‹‹ኮርንድ ቢፍ›› የሚል ቃል ሰባት ጊዜ ተጽፎ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያበሳጨኛል።

ከአራት ወር በኋላ ለክትትል ሄድኩ። ሁልጊዜ 118 በ76 የነበረው ደም ግፊቴ 148 በ94 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ደግሞ ለካው፤ ያው ነው። ‹‹ጨው ታበዣለሽ?›› አለኝ። ‹‹ምግቤ ላይ ጨው አልጨምርም›› አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ከድስቴ አጠገብ ጨው አይደርስም ነበር። ደጋግሞ ሲጠይቀኝ ተቆጣሁ። ውሸታም ያደረገኝ መሰለኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ቆርቆሮውን አዙሬ አነበብኩት። ሶዲየም (ከጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር)፦ 490 ሚሊ ግራም። ይህን ቁጥር ከዚህ በፊትም አይቼዋለሁ፤ ብዙም አልመሰለኝም ነበር። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ግን አላነበብኩም፦ ‹‹በአንድ ጊዜ ምግብ፣ 56 ግራም።›› ቆርቆሮው 340 ግራም ነው። ስለዚህ ግማሹ የሦስት ጊዜ ምግብ ነው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ 490፣ 1470 ሚሊ ግራም ሶዲየም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ2000 በታች ይበቃል ይላል፤ ይህም 5 ግራም ጨው ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። እኔ የዚያን ሦስት አራተኛ የሚጠጋ በአንድ ሳህን እጨርስ ነበር። ዳቦው፣ አይቡና የታሸገው ባቄላ ገና አልተቆጠሩም።

ግፊቴን ያናረው ኮርንድ ቢፍ ብቻ ነው አልልም። ግን ስሙ ራሱ እየነገረኝ ነበር። ብዙ ሰው ‹‹ኮርን›› ሲባል በቆሎ ይመስለዋል። በድሮ እንግሊዝኛ ቃሉ ለማንኛውም ፍሬ ይባል ነበር፤ እዚህ ላይ ሥጋው የሚታሽበት የጨው ፍሬ ነው። ስሙን ብተረጉመው ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

ሌላም ያልተነገረኝ ነገር አለ። ሥጋው ሮዝ ቀለሙን የሚይዘው ናይትራይት በሚባል ማቆያ ነው። ናይትራይቱ ለምግብ መመረዝ የሚዳርጉ ባክቴሪያዎችን ስለሚገታ ያለ ምክንያት አልተጨመረም። ነገር ግን በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እንዲህ ያሉ በጨውና በናይትራይት የተዘጋጁ ሥጋዎችን በአንደኛው ምድብ፣ ማለትም ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በቂ ማስረጃ ካላቸው ነገሮች ተራ አስገብቷል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አስልቷል። ምድቡ የማስረጃውን ጥንካሬ ነው የሚናገረው፤ ‹‹ከሲጋራ እኩል ይገድላል›› ማለት አይደለም። ቢሆንም እኔ በቀን 170 ግራም ነበርኩ።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። ቆርቆሮውን ሳልከፍተው ፍሪጅ አሳድረዋለሁ። ስቡ ነጭ ሆኖ ሲረጋ በማንኪያ ጠርጌ እጥለዋለሁ። ሥጋውን ለስድስት ከፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። በሳምንት አንድ ክፍል ብቻ አወጣለሁ። ያለ ዘይት ጠበስ አድርጌ ብዙ ጎመን፣ ድንችና ምስር ውስጥ እጨምረዋለሁ። ድስቱ ውስጥ ሌላ ጨው ጠብ አይልም። አትክልቱና ጥራጥሬው ሥጋው የሌለውን ፋይበርና በብዛት የማይገኝበትን ፖታሲየም ያመጣሉ። መጨረሻ ላይ ሎሚ እጨምቅበታለሁ፤ ቫይታሚን ሲ የምስሩን አይረን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ይረዳል።

የአመጋገብ መመሪያዎች እንዲህ ያለውን ሥጋ ቀንሱ፣ አንዳንዶቹም ከተቻለ ጭራሽ ተዉት ይላሉ። በሳምንት አንዴ 56 ግራም ለሚበላ ጤነኛ ሰው ጭራሽ መተው የበዛ ጥንቃቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ግን መመሪያውን ይስማ። እኔን ያስተማረኝ አንድ ነገር ኮርንድ ቢፍን ከሥጋ ተራ አውጥቼ ከማጣፈጫ ተራ ማስገባቴ ነው። ‹‹ጨው የተቀነሰበት›› የሚለው ጽሑፍም አያታልላችሁ። ከመደበኛው ቀነሰ ማለት እንጂ ጨው የለውም ማለት አይደለም። ያበጠ ቆርቆሮ ደግሞ ሳይከፈት ይጣል።

ከስድስት ወር በኋላ ግፊቴ 126 በ80 ሆነ። አይረኔም ተስተካክሏል፤ ክኒኑን ሳላቋርጥ መውሰዴ ነው ዋናው። ባለፈው ሳምንት ወደዚያችው ባለሙያ ሄጄ ቅጹ ላይ ‹‹ሥጋ›› ከሚለው ቀጥሎ ‹‹ምን ዓይነት? ስንት ግራም?›› የሚል እንዲጨመር በጽሑፍ ጠየቅኋት። ወረቀቱን ተቀብላኝ ፋይል ውስጥ አስገባችው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቅጹን አይቼ እጠይቃታለሁ።