ለገዳዲና ገፈርሳ

ቀኝ ጡቴና ግራ ጡቴ ዘመድ አይመስሉም። ቀኙ ሌሊት አንሶላ ያርሳል። ግራው ደግሞ ልጄ ስትጠባው ቆይታ ቀና ትልና «ይሄ ነው?» በሚል ዓይን ታየኛለች። ከእህቴ በተዋስኩት ማለቢያ ስሞክረው ጉዳዩ ግልጽ ሆነ። ቀኙ የጠርሙሱን ግማሽ በቀላሉ አለፈ። ግራው የጠርሙሱን ታች አርጥቦ አቆመ።

ባሌ ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ወዲያው ስም አወጣላቸው። ቀኙን ለገዳዲ፣ ግራውን ገፈርሳ አለው። የአዲስ አበባ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሁለቱም የምንጠጣው ውሃ የሚመጣባቸው ግድቦች ናቸው። ለገዳዲ በምሥራቅ በኩል ያለው ትልቁ ነው። ገፈርሳ በምዕራብ በኩል፣ በዕድሜ የሚበልጥ ግን ብዙ ውሃ የማይዝ። ሌሊት ሚጣ ስታለቅስ «ዛሬ ፈረቃው የማን ነው?» ይለኛል ጋቢው ውስጥ ሆኖ። እኛ ሰፈር፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቀልዱ ቢያናድድም ልክ ነበር።

አማቴ ግን ቀልድ አልታያትም። «ግራሽን ዓይን በልቶታል» አለች። ለአራስ ጥሪ ከመጡት መካከል ማን ማን እንደነበረ፣ ማን በየት በኩል እንደተቀመጠ ትቆጥር ጀመር። በግራዬ በኩል የተቀመጠችው የራሷ እህት ሆና ስትገኝ ምርመራው ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ አጥሚቱ በእጥፍ ሆነ። የአብሽ ውሃ ተጨመረ። እኔ ወፈርኩ። ለገዳዲ ሞላ። ገፈርሳ እንደነበረ ነው።

ለ6 ሳምንት ክትባት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷን ጠየቅኳት። አፍሬ ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እሷ ግን ጮክ ብላ ሳቀች። «የኔ እናት፣ እኩል የሆነላት እናት ካገኘሽ አምጪልኝ» አለች። ከዚያ ሚጣን ሚዛን ላይ እያስቀመጠች አስረዳችኝ። እያንዳንዱ ጡት የየራሱን ሒሳብ ነው የሚሠራው። ብዙ የተጠባው ብዙ ይሠራል። ወተት ውስጡ የቀረበት ደግሞ ሥራውን ይቀንሳል። ከተፈጥሮም ወተት የሚሠራው የጡት ክፍል በሁለቱም በኩል እኩል ላይሆን ይችላል። ልጅ ደግሞ ታዳላለች፤ ወተት ቶሎ የሚወርድበትን፣ ለአንገቷ የሚመቻትን ትመርጣለች። እናትም የለመደችው ክንድ አላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ልዩነቱ ይሰፋል።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አልኳት።

«ስትርባት በግራው ጀምሪ፤ የራባት ልጅ አጥብቃ ነው የምትጠባው። ጠብታ ስትጨርስ ግራውን ለጥቂት ደቂቃ እለቢው። ቀኙን ግን በአንዴ እንዳትተዪው፤ ይቋጥርና ያምሻል። ከቀላ፣ ከጠጠረና ትኩሳት ካመጣ ቤት አትቀመጪ። እብጠት ካገኘሽ ወይም ልጅቷ አንዱን ድንገት እምቢ ካለችም እንደዚያው።» ከዚያ ዳይፐር ጠየቀችኝ። በቀን ከ6 ያላነሰ እንደሚረጥብ ስነግራት፣ ክብደቷንም ጻፈችና «ይቺ ልጅ ምን ጎደለባት? አንዱ ጡት ብቻውን እንኳ ልጅ ያሳድጋል» ብላ ቀጣይዋን ጠራች።

ስለዚህ በጤና በኩል ነገሩ አለቀ። በልብስ በኩል ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ሚጣ ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በ80 ቀን ነው። እኔም ቤተ ክርስቲያን የምገባው ያን ቀን ነውና አዲስ ቀሚስ አስፈለገ። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ጨርቅና ጥለት ገዛሁ። ስፌቱን ፒያሳ ላሉ አንድ ትልቅ ሰው ሰጠሁ። ጋሼ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ጠመኔያቸውን ጆሮአቸው ላይ ሰክተው ነው የሚኖሩት። ልኬን ወስደው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሩኝ።

ያን ቀን ከቤት ስወጣ ቀኙን አጥብቼ ነበር። ለሙከራ ስመለስ ደግሞ ሚጣ ተኝታ ስለነበር ሳላጠባት ወጣሁ። ቀሚሱ በግራ በኩል ደህና ተቀመጠ። በቀኝ በኩል አልዘጋ አለ።

«ልጄ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

«ቀጥ ብያለሁ ጋሼ።»

«ትከሻሽ አዘንብሏል።»

አየሁት። አላዘነበለም። እሳቸው ራቅ ብለው አዩኝ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩኝ። «ወለሉ ሳይሆን አይቀርም» አሉና ወደ በሩ አስጠጉኝ። መንገደኛው ሁሉ እያየኝ ቆምኩ። ወለሉም አልነበረም። ሜትራቸውን አውልቀው ከማስመሪያ ጋር አስተያዩት። ሜትሩም ደህና ነው። እኔ እውነቱን እንዳልናገር ሽማግሌ ናቸው፤ ምን ብዬ ልጀምር? «ለገዳዲ ሞልቶ ነው» አይባል።

በመጨረሻ ቀኙን አሰፉት። ለግራው ደግሞ «እኩል እንዲሆን» ብለው ቀጭን ስፖንጅ አስገቡበት። ለመውሰድ ስሄድ እኔም የነርሷን ምክር ተከትዬ በግራ ማጥባት ከጀመርኩ ሰንብቼ፣ ግራዬ ነቃ ነቃ ማለት ጀምሮ ነበር። ቀኙን ደግሞ ሚጣ ልወጣ ስል ባዶ አድርጋዋለች። በቀኝ በኩል ቀሚሱ ተንጠለጠለ። በግራ ስፖንጁና እኔ ተጋፋን። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ላብ አላባቸው።

ያዳነችን ሱሪ ልታሳጥር ተራ የምትጠብቅ አንዲት እናት ናት። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ታየን ነበር። «አባቴ፣ ልጅቷ ታጠባለች እኮ! የምታጠባ ሴት ጡት ጠዋትና ማታ አንድ ነው እንዴ?»

ሱቁ ጸጥ አለ። አጠገባቸው የሚሰፋው ልጅ መኪናውን አቆመና ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመረ። እኔ መሬት ብትከፈት ገብቼባት ነበር። ጋሼ ግን ፊታቸው በራ። ጥፋቱ የመቀሳቸው አለመሆኑን ሲያውቁ ዕድሜ የተጨመረላቸው መሰሉ። «ታዲያ ይሄ ለሰፊ ይደበቃል?» አሉኝ። ከዚያ ጠመኔያቸውን አነሱና እንደ ሐኪም ይጠይቁኝ ጀመር።

«ቅዳሴው ስንት ሰዓት ይወጣል?»

«እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ።»

«ሕፃኗ መቼ ነው መጨረሻ የምትጠባው?»

ልጅቷ ስለምትቆርብ ከዚያ በፊት ለሰዓታት አትጠባም፤ ነገርኳቸው። ጨርቁ ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። «በይ፣ እንደዚያ ለሰዓታት ሳታጠቢ ቆይተሽ ጠዋት ነይ። የምሰፋው ለዚያ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ቢሰፋሽም ቢጠብሽም እኔ የለሁበትም።» እውነትም ለዚያ ሰዓት ሰፉት። በጎኑ ትርፍ ጨርቅ ተዉበት። ደረቱ ላይ በጥለቱ ሥር የማይታይ ዚፕ አበጁልኝ፤ ሳልጠይቃቸው። ለምታጠባ ሴት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

የክርስትናው ጠዋት ቀሚሱ ልክክ አለ። በዚያ ላይ ተዘጋጅቻለሁ። ለገዳዲን ስለማውቀው በቀኝ በኩል ፓድ ደርቤያለሁ። ለገፈርሳ አንድ ስስ ይበቃዋል ብያለሁ።

ያልገመትኩት ሌሎቹን ሕፃናት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በተራቡ ሕፃናት ተሞልቷል፤ የ40 ቀን ወንዶች፣ የ80 ቀን ሴቶች፣ ሁሉም ያልጠቡ። አንዱ ውሃው ሲነካው ጮኸ። ሌላው ተከተለ። ሚጣ ስትጨምርበትማ ዜማውን አሸነፉት። ወተት እንዲወርድ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ከአንጎል ነው የሚላከው። አንጎል ደግሞ ቀኝ ግራ አይልም፤ ትእዛዙ ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። ለማስነሳት የሕፃን ለቅሶ ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ የማን ልጅ እንደሆነም አይጣራም። ደረቴ ውስጥ ያ የታወቀ ንዝረት መጣ። ቀኙን በእጄ ተጫንኩት። ደረቅ ነው። ደስ አለኝ።

የክርስትና እናቷ በክርኗ ነካችኝ። በዓይኗ ወደ ግራዬ አመለከተችኝ። በነጩ ቀሚስ ላይ፣ ልክ ከጥለቱ አጠገብ፣ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያክል ክብ እርጥበት። እያየሁት ደግሞ እየሰፋ ነው። ነጠላዬን አጣፋሁ። ነጠላ ግን ስስ ነው፤ እሱም ረጠበ። የራሷን ነጠላ ደረበችልኝ። ባሌ ከወንዶቹ በኩል አንገቱን አስግጎ አይቶ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፣ በዚያ ቅዱስ ቦታ፣ «ገፈርሳ?» አለኝ።

ቤት ገብተን ድግሱ ሲጀመር ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ሴቶቹ ጓዳ ሲሰበሰቡ የማይናገር ጠፋ። ጎረቤታችን ልጆቿ ሁሉ ቀኟን እምቢ እንዳሏት፣ አክስቴ ደግሞ ከአንድ ወገን ብቻ መንታ እንዳሳደገች የሚመስል ታሪክ አወራችን። የአክስቴን ግማሹን ብቻ አመንኩ። አማቴ እንጀራ እያጠፈች ስትሰማ ቆየችና ሳቋ አመለጣት።

«ይሄ የእኔውስ!» አለች፣ ድምፅዋ ሳሎን ድረስ እየተሰማ። «ግራውን አንድ ቀን ቀምሶልኝ አያውቅም። ቀኙን ብቻ ይዞ ነው የዚህን ያህል የረዘመው። አንደኛው ጎኔ ተንጠልጥሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅብኝ ነበር የከረምኩት!»

ሳሎን ውስጥ ጠላ እየቀዳ የነበረው ባሌ ማሰሮውን አስቀመጠ። አጎቱ «ለመሆኑ ለገዳዲ ያኔ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሰውየው መልስ አልሰጠም፤ በረዶ ልግዛ ብሎ ወጣ። በረዶ ያዘዘው ሰው ግን አልነበረም።