ዊልያም ሃርትን በ0.75 ፍጥነት

ትናንት ማታ ደብተሬ ላይ 11ኛውን የዊልያም ሃርት ፊልም መዘገብኩ። ድምፅ አልባ የካውቦይ ፊልሞችን ማየት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ከ11ዱ አምስቱን ሁለቴ ነው ያየሁት። ወድጄ አይደለም።

ሰውዬውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ በ1864 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ኒውዮርክ ግዛት ኒውበርግ ተወለደ። ለዓመታት የመድረክ ሰው ነበር፤ ሼክስፒርም ተጫውቷል። በ1899 «ቤን ሁር» የተባለው ተውኔት ብሮድዌይ (የኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር) ላይ ሲከፈት የጀግናውን ባላንጣ ሜሳላን ሆኖ ተውኗል። ካውቦይነቱን ፊልም ላይ የጀመረው በ1914፣ ሃምሳ ሊሞላው ሲል ነው። እኔ በ33 ዓመቴ ጊታር ልማር ብዬ «ረፍዷል» ብዬ የተውኩ ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ራስ ምታቴ፦ ፍጥነት። መጀመሪያ ያየሁት የ1916ቱን «ሄልስ ሂንጅስ» ነው። ያ ፊቱ ድንጋይ የሚመስል ሽጉጠኛ ሽንቱ እንደመጣበት ሰው ይጣደፋል! ደብተሬ ላይ «ትወናው የተጋነነ፣ ይቸኩላል» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሳነበው አፍራለሁ።

ለካ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ያኔ ካሜራማኑ እጀታውን በእጁ እያሽከረከረ ነበር የሚቀርጸው፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ16 እስከ 20 ምስል። ድምፅ ሲመጣ ፍጥነቱ 24 ላይ ረጋ። የድሮው ፊልም በ24 ሲጫወት ሁሉም ሰው ይሮጣል። ስለዚህ ቪኤልሲ (የኮምፒውተር ቪዲዮ ማጫወቻ) ላይ ፍጥነቱን 0.75 አደርገዋለሁ፤ መሃለኛው 18 ለ24 ሲካፈል ማለት ነው።

ችግሩ፣ አንዳንዱ ቅጂ ቀድሞ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። እሱን ደግሞ ብታዘገዩት ሰዎቹ ውሃ ውስጥ የሚራመዱ ይመስላሉ። በዚህ ነገር ሁለት ወር ተቃጥያለሁ። አሁን የማምነው ፍሪትዝን ነው፣ የሃርትን ቡራቡሬ ፈረስ። ተዋናይ ሆን ብሎ ሊቸኩል ይችላል፤ የፈረስ ሶምሶማ ግን ያስታውቃል። ፈረስ ከሌለ ጭስ ወይም አቧራ እዩ።

በ0.75 «ሄልስ ሂንጅስ»ን ደገምኩት። አዲሱን ቄስ ሊያባርር የመጣው ሽጉጠኛ የቄሱን እህት ሲያይ ፊቱ ቀስ ብሎ ይለወጣል። በመጀመሪያው እይታዬ ይህች ነገር ጭራሽ አልታየችኝም ነበር።

ቀለም የተቀባ፣ በኤአይ በሰከንድ ወደ 60 ምስል የተለሰለሰ ቅጂ ግን አትንኩ። ፊቱን ሰም ያደርጉታል። ሙዚቃውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዩ ዝጉት፤ አብዛኛው ኋላ የተለጠፈ ነው። ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም፣ ግድ የለኝም።

እንዲህ ስመክር አዋቂ እንዳልመስላችሁ። የመጨረሻ ፊልሙ «ተምብልዊድስ» በ1925 ወጣ፤ በ1939 እንደገና ሲለቀቅ ሃርት ካሊፎርኒያ ኒውሆል ካለው እርሻው ሆኖ በገዛ ድምፁ መግቢያ ሠራለት። 74 ዓመቱ ነበር። ከፈትኩት። ድምፁ ይጎተታል፣ ቃሉ ከአፉ አልወጣ ይላል። «ወይ እርጅና፣ ምስኪን» ብዬ እንባዬ መጣ። ደብተሬም ላይ «ደክሟል» ብዬ አሰፈርኩ።

በሁለተኛው ቀን ነው ያየሁት፤ 0.75ን ሳልመልሰው ረስቼ ኖሯል።

መልሼ በ1.0 ሰማሁት። መድረክ ላይ ያደገ ሰው ድምፅ ነው፣ ይነጉዳል። ወደ ቡራቡሬው ፈረስና ባዶው ኮርቻ ሲደርስ ግን እንደገና አስለቀሰኝ። «ደክሟል» የሚለውን ሰርዤ «1.0» ብቻ ጻፍኩ።