ከጣሳው ጀርባ

አንድ አባት በውስጥ እግራቸው፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር የነበረው ቁስል ደህና እየጠበበ መጥቶ ድንገት ቀጥ አለ። ዙሪያው ደነደነ። ተረጋግቶ የነበረው ስኳራቸውም ከቁርስ በኋላ ከ300 በላይ ይወጣ ጀመር። ሐኪሙ ኢንሱሊኑን ሊጨምር ሲል፣ «አባባ፣ በቅርቡ የጀመሩት አዲስ ነገር አለ?» አልኳቸው።

«ምንም የለም። ልጄ ካመጣልኝ ፕሮቲን በቀር።»

ልጃቸው ፈጠን ብሎ፣ «ሲስተር፣ ቁስል ያለ ፕሮቲን አይሞላም ብለውኝ ነው» አለ። የሰማው ውሸት አይደለም። አዲስ ሥጋ የሚሠራበት ኮላጅን ፕሮቲን ነው፤ ከቁስል የሚወጣው ፈሳሽም ፕሮቲን ይዞ ይሄዳል። ጣሳውን እንዲያመጣው ለመንኩት።

ፊቱ ላይ የጡንቻ ሥዕል ነበር። ከጀርባው በመጀመሪያ የተጻፈው ንጥረ ነገር ግን ፕሮቲን ሳይሆን ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ከስታርች የሚሠራ፣ ስኳርን እንደ ግሉኮስ ፈጥኖ የሚያወጣ ዱቄት። ክብደት መጨመር ለሚፈልጉ ስፖርተኞች የተዘጋጀ ነበርና ካርቦሃይድሬቱ ከፕሮቲኑ ይበልጣል። አባባ ጠዋትና ማታ ይጠጡታል፤ ኢንሱሊናቸው ሲታዘዝ ግን ማንም አልቆጠረውም።

እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ምን እንደሚበሉ ስጠይቃቸው ስኳር እንዳይጨምርባቸው ፈርተው እራት ትተዋል፤ እንቁላልና ሥጋም እርም ብለዋል። እንቁላልና ሥጋ እኮ ካርቦሃይድሬታቸው ከቁጥር አይገባም! ሰውዬው በእርግጥ ፕሮቲን አንሷቸዋል፤ ልጁም ይህን በትክክል አይቷል።

ታዲያ ዝም ብሎ ንጹሕ ፕሮቲን ማዘዝም አይቻልም ነበር። ሽንታቸው ላይ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ይታያል፤ ኩላሊታቸው ደክሟል። ኩላሊቱ ለተጎዳና ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ላልጀመረ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ገደማ ይመከራል። ምግብ ያነሰው፣ ከመተኛት የመጣ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ይባላል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንዱ 56 ግራም ነው፣ ሌላው ከ88 እስከ 105። በጣሳው ማንኪያ የሚሰፈር ነገር አይደለም፤ የሥነ ምግብ ባለሙያዋና የኩላሊት ሐኪሙ ተነጋግረው መጠኑን ወሰኑ። የደም አልቡሚናቸው መውረዱን ብቻ አይተው ምግብ አንሷቸዋል ብለው አልፈረዱም፤ የቁስሉ ብግነት ራሱ ያወርደዋልና።

የደነደነው ቆዳ ግን ከምግብ ጋር አይገናኝም። አባባ ቤት ሲገቡ ጫና የሚቀንሰውን ጫማ አውልቀው በቁስሉ ላይ ይራመዱ ነበር። የስኳር ሕመም ነርቫቸውን ስላደነዘዘው አያማቸውም። የደነደነው ተቆርጦ ተነሳ፤ የማይወልቅ ጀሶም ተደረገላቸው።

ዱቄቱ ቀረ፣ እራት ተመለሰ፣ ስኳሩም ኢንሱሊን ሳይጨመር ወረደ። ቁስሉ ከሳምንታት በኋላ እንደገና መጥበብ ጀመረ። ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለጀሶው ነው፤ ምግቡ ብቻውን ያን ያህል ባልሠራ ነበር።

አሁን በመቀበያ ቅጻችን ላይ «ከመድኃኒት ሌላ የሚወስዱት» የሚል መስመር አለ። ዱቄት የሚል መልስ ካገኘን፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጣሳውን ይዘው እንዲመጡ እንነግራቸዋለን።