ሌሊት ሌሊት የሚጎድለው

መኪና ጠዋት አልነሳ ካለ ግቢያችን ውስጥ ፍርዱ የሚሰጠው በአፍታ ነው፤ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሪው።» ምክሩን ተቀብለው የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የወረዱ፣ አዲሱ ባትሪም ብዙ ሳይቆይ ያስቸገራቸው ጎረቤቶች አሉኝ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ገንዘብ ሲጎድል ካዝናው አይቀየርም።

የእኔ ቪትዝ ከሰኞ እስከ ዓርብ አራት ኪሎ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ቆማ ትሰነብታለች። ቢሮዬ ስድስት ኪሎ በመሆኑ በእግሬ እመላለሳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ሳዞረው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ «ጠቅ» ይልና ጸጥ ይላል። ማርሿ አውቶማቲክ ስለሆነ ገፍቶ ማስነሳት አይሠራም፤ የሠፈሩ ልጆች ይህን ብነግራቸውም መግፋታቸውን አይተዉም። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያለችውን አስታምሞ መያዝ ግድ ሆኗል። (የኤሌክትሪክ መኪና የገዙት ጎረቤቴ ቢስቁብኝም የእርሳቸውም መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላት፤ እርሱ ከደከመ እርሳቸውም ቆመው ይቀራሉ።)

መጀመሪያ ባትሪውን ሞልቼ አሳደርኩትና ኤሌክትሪክ በሚለካው በቴስተር ለካሁት፤ 12.6 ቮልት። ሙሌቱን ይዞ አድሯል። ሞተሩ ተነስቶ ሲለካ ወደ 14.1 ወጣ፤ ስለዚህ ዲናሞውም ይሞላል። ባትሪው ይቀበላል፣ ዲናሞው ይሰጣል። ታዲያ መኪናዋ ቆማ ሳለች የሚወስደው ማን ነው?

ይህን የሚናገረው ቮልት ሳይሆን አምፔር፣ ማለትም የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈትቼ ቴስተሩን በገመዱና በባትሪው መካከል አስገባሁት፤ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ነው። ቴስተሩ ባለ 10 አምፔር መሰኪያው ላይ መሆን አለበት፤ እንዲህ ተገናኝቶ ሳለ ሞተር ለማስነሳት የሞከረ ሰው ቴስተሩን ያቃጥላል። የሾፌሩ በር ተከፍቶ መቆየት ስላለበት መቆለፊያውን በጠመንጃ መፍቻ ገፍቼ የተዘጋ አስመሰልኩት፤ አለበለዚያ የጣሪያው መብራት ራሱ ሌባ ይሆናል። ከዚያ መጠበቅ ነው። በመኪና ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ቁልፍ ሲነቀል ወዲያው አይተኙም፤ አንዳንዱ መኪና ላይ ግማሽ ሰዓትም ይፈጃሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና በመጀመሪያው ቁጥር ይደነግጣል።

ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ 0.25 ላይ ቆመ። ደህና መኪና ቆማ የምትወስደው ከ0.05 አምፔር ባይበልጥ ነው፤ እርሱም ለሰዓቷና ለሬዲዮዋ ማስታወሻ ነው። 0.25 ትንሽ ይመስላል። በ24 ሰዓት ሲባዛ ግን 6 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ የእኔ ባትሪ ደግሞ ሲሞላ የሚይዘው 35 አምፔር ሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ቀን ቁጠሩት።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ቁጥሩን አየሁ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የነበረው ጽሑፍ ስለተፋቀ የቱ ፊውዝ የምን እንደሆነ አላውቅም፤ በየተራ ነቅሎ መመለስ ብቻ ነው። አንዱ ሲነቀል ቁጥሩ ወደ 0.02 ወረደ፤ ኋላ እንደተረዳሁት የውስጥ መብራቱንና ሬዲዮውን የሚመግበው ነው። ፊውዙን መልሼ ሬዲዮውን ከገመዱ አላቀቅሁት፤ ለውጥ የለም። የኋላውን የውስጥ መብራት አምፖል አወጣሁት፤ ለውጥ የለም።

ያገኙት የግቢያችን ጥበቃ ናቸው። ከጀመርኩ ጀምሮ አጠገቤ ቆመው ሲታዘቡኝ ነበር። እጃቸውን ከመሪው ሥር ሰደዱና፣

«ልጄ፣ መኪናዋ በረዶ ሆና አድራ ይቺ ለምን ትሞቃለች?» አሉኝ።

ዳሰስኳት። በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልላ ከውስጥ መብራቱ ገመድ ጋር የተጠማዘዘች የአላርም ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረች። አላርሙን ያስገጠሙት የቀድሞው ባለቤት ናቸው፤ ጩኸቱን እኔ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

«ለሌባ የተገጠመ ነዋ!» ብዬ ሳቅሁ።

«ሌባውማ እርሱ ነው» አሉ ጋሼ፣ ሳይስቁ።

የሪሌ ጠምዛዛ ሽቦ እንደተሳበ ከቀረ ሳያቋርጥ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የሚበላው ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሳጥኑን ከነሪሌው አስወጣሁት፣ የተላጠውን የመብራት ገመድም በደንብ አስጠቀለልኩት። ቴስተሩ 0.02 ላይ ረጋ።

ባትሪው ግን እንደ ድሮው አይሆንም። እንዲህ ዓይነት ባትሪ ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው እየጠነከረ የመያዝ አቅሙን ይቀንሰዋል፤ ስንት ቅዳሜ ባዶውን እንዳገኘሁት ደግሞ ራሴ አውቃለሁ። ዛሬ ሞልቶ ካደረ በኋላ 12.5 ነው የሚያሳየው። እስከ ክረምት ካደረሰኝ ይበቃኛል፤ ያኔ ሶማሌ ተራ እወርዳለሁ።