20 ሊትር ውኃ በቸርችል ጎዳና

ዕቃ ጭኖ ረጅም መንገድ የሚሄድ ብስክሌት በባዶው አይመረጥም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት የብስክሌት ጥገና ቤት ብዙ ሰው ተቃራኒውን ሲያደርግ ስለማይ ነው። መጀመሪያ ብስክሌቱ በዓይን ይወደዳል፤ ቀጥሎ ይገዛል፤ ዕቃው በመጨረሻ ይታሰባል። እኔ ግን «ምን ይዤ ነው የምሄደው?» የሚለው ሳይመለስ ስለ ብስክሌቱ ማውራት አልወድም።

ክረምቱ እንደወጣ አንዲት የቡና ባለሙያ ወደ እኛ መጣች። እስከ ጅማ በብስክሌት ለመሄድ አስባለች። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ይወጣል። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ልብስ፣ ስንቅ፣ የቡና መቅመሻ ዕቃዎቿ ሳይቀሩ አብረዋት ይሄዳሉ። ይዛው የመጣችው የእሽቅድድም ብስክሌት ነበር፤ አጽሙ አሉሚኒየም፣ የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ ካርቦን፣ ጎማው ቀጭን። ለተሠራበት ዓላማ እጅግ ጥሩ ብስክሌት ነው። ከእኛ የፈለገችው የኋላ ዕቃ መጫኛ እንድንገጥምላት ብቻ ነበር።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መካኒካችን ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ዕቃሽ ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«አልመዘንኩትም ጋሼ። ቢበዛ ሃያ ኪሎ ነው።»

«እንግዲያው እዚሁ ሃያ ኪሎ ጭነሽ ሞክሪው። ካልሆነ ከቤትሽ ሳትርቂ ታውቂዋለሽ።»

ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞላንና በግራና በቀኝ ቦርሳዎች ውስጥ አስገባን። ውኃ ለዚህ ዓይነት ሙከራ የሚመች ጭነት ነው፤ ሊትሩ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልገውም። አጽሙ የመጫኛ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ስላልነበረው መጫኛውን በጎማ በተሸፈኑ የብረት ማቀፊያዎች አሰርነው። ጋሼ ማቀፊያዎቹን አላመኗቸውም፤ በዝግታ እንድትነዳ፣ እኔም በሌላ ብስክሌት እንድከተላት አዘዙ። መኪና ሳይበዛ በማለዳ ከፒያሳ ተነሥተን በቸርችል ጎዳና ወረድን።

ቁልቁለቱ ላይ ከኋላዋ ሆኜ ሳይ የብስክሌቱ ጭራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወላወል ነበር። መሪውን በሁለት እጇ አጥብቃ እንደያዘች ከትከሻዋ ያስታውቃል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብለን ተመለስንና ዳገቱን ስንጀምር ሌላ ችግር መጣ፤ ፔዳሉ በዞረ ቁጥር ተረከዟ ቦርሳውን ይመታል። የእሽቅድድም ብስክሌት ከፔዳሉ እስከ ኋላ ጎማው መሐል ያለው ርቀት አጭር ነው። ቦርሳውን ወደ ኋላ ብንገፋው ደግሞ ክብደቱ ከጎማው መሐል አልፎ ፊቱን ያቀልላል፤ መሪውም ይከዳል። ማርሹ ከብዷት ከኮርቻው ተነሥታ መርገጥ ጀመረች። አደባባዩ ዳር፣ የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ካለበት ፊት ለፊት ስንደርስ፣ ግራ ማቀፊያው ተንሸራተተና የቦርሳው ማዕዘን ከሚዞረው ጎማ ውስጥ ገባ። ሁለት የቸርኬ ሽቦዎች ተሰበሩ። ቸርኬው ተጣመመና ከፍሬኑ ጋር ተጣብቆ ቆመ። በዝግታ ትሄድ ስለነበር እግሯን መሬት አስነክታ ቆመች፤ ምንም አልተጎዳችም። ይህ የሆነው በጊቤ ቁልቁለት ቢሆን ምን ይከተል እንደነበር ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል።

ወደ ጥገና ቤቱ እየገፋን ስንመለስ ማዘኗ ያስታውቅ ነበር። ጋሼ ግን በቁጣ አልተቀበሏትም። ወንበር ሰጧት፣ ሻይ አዘዙላት፣ ከዚያም የተሰበረውን ጎማ ጭኗ ላይ አስቀምጠው ሽቦዎቹን አስቆጠሯት። 24 ነበሩ። ዕቃ ለሚጭን የኋላ ጎማ 36 ሽቦ ያለው ቸርኬ እንመርጣለን። ከሰውየውና ከጭነቱ ክብደት ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው የኋላው ጎማ ነው። ከ36 አንዱ ቢሰበር የቀሩት ሸክሙን ተካፍለው ወደሚቀጥለው ከተማ ያደርሳሉ፤ ከ24 አንዱ ሲጎድል ግን ቸርኬው ወዲያው ይጣመማል። በተለይ በቀኝ በኩል ያሉት ሽቦዎች የማርሽ ጥርሶቹ ቦታ ስለሚይዙባቸው ከግራዎቹ ይልቅ ቀጥ ብለውና ተወጥረው ይቆማሉ፤ ጭነት ሲበዛ አስቀድመው የሚበጠሱትም አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው። ብስክሌት ሊገዛ የሚመጣ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት የኋላ ጎማውን ሽቦ ቢቆጥር ደስ ይለኛል።

ማርሹም እንዲሁ። በዚያ ብስክሌት የፊቱ ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 28 ጥርስ ነው። በዚህ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል። ከፊት 24፣ ከኋላ 34 ጥርስ ባለው ባለ 26 ኢንች ጎማ ብስክሌት ግን አንድ ዙር 1 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ያስኬዳል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበት ግን ይተርፋል። አየሩ በሚሳሳበት ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኝ ከተማ ተቀምጠን፣ ዳገት በበዛበት አገር ጭነን እየሄድን፣ ትንሽ ማርሽ የደካማ ነው የሚለው አነጋገር መቅረት አለበት።

ከመጋዘናችን ጥግ ባለቤቱ እንድንሸጥለት የተወው አሮጌ የተራራ ብስክሌት ነበር። አጽሙ ብረት ነው፤ የፊቱ ሹካ ሞላ የለውም፤ ከኋላም ከፊትም የመጫኛ ብሎን ቀዳዳ አለው፤ የኋላ ጎማው ከፔዳሉ ራቅ ያለ ስለሆነ ተረከዝ አይነካም። ሌላው ትልቅ ጥቅሙ ባለ 26 ኢንች መሆኑ ነው፤ በዚህ ልክ ጎማ በትናንሽ ከተሞች ሳይቀር ይገኛል። እኔ ቸርኬውን በ36 ሽቦ እንደ አዲስ ሠራሁት። ጋሼ ፍሬኑን ቀየሩና ረጅም ቁልቁለት ላይ እያረፈች እንድትወርድ መከሯት፤ ቸርኬ በፍሬን ብዛት ሲግል የውስጡን ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል። መጫኛው የብረት ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። አሉሚኒየም ቢሰበር የሚበይደው ባለሙያ በየቦታው አይገኝም፤ ብረት ከሆነ ግን በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ይጠግነዋል።

የቦርሳው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ክፍል ነው። በዓለም ላይ ታዋቂ የሆነው የጀርመኑ ኦርትሊብ ኩባንያ ውኃ የማያስገቡ የብስክሌት ቦርሳዎችን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። መሥራቹ በእንግሊዝ አገር ዝናብ ላይ ብስክሌት ሲነዳ የጭነት መኪኖችን ሸራ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። እኛስ ያ ሸራ መርካቶ ሞልቶ የለም? የመኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያ ዘንድ ሄደን መለኪያውን ሰጠናቸው። አፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ የሚታሰር፣ ጀርባው ውስጥ ኮምፔንሳቶ የገባበት ቦርሳ ሰፉልን። ኮምፔንሳቶው አስፈላጊ ነው፤ ልል ቦርሳ ወደ ጎማው ይጎብጣል፤ ጎማ ውስጥ የገባ ቦርሳ ምን እንደሚያደርስ ደግሞ በቸርችል ላይ አይተናል። ከላይ በሁለት ማንጠልጠያ፣ ከታች ደግሞ እንዳይወዛወዝ በመያዣ ታሰረ።

ከዚያ ዕቃው ተመዘነ። ሃያ ኪሎ ያለችው 27 ሆኖ ተገኘ። ወለሉ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አነሣችው። ሁለተኛው ጫማ፣ ወፍራሙ ብርድ ልብስ፣ ከቡና መቅመሻ ሳህኖቹ አብዛኞቹ ቀሩ፤ 19 ደረሰ።

በአከፋፈሉ ላይ ጋሼና እኔ አልተስማማንም። እሳቸው ኮረኮንች ላይ መሪ እንዳይከብድ ሁሉም ከኋላ ይሁን አሉ። እኔ ደግሞ ከባድ ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ከፊት ቢታሰር የኋላው ጎማ ያርፋል፣ ብስክሌቱም አይወላወልም አልኩ። ሁለቱንም ጭነን እንደገና ቸርችልን ወረደችና ወጣች። 13 ኪሎ ከኋላ፣ 6 ኪሎ ከፊት ሲሆን እጇን ማጥበቅ እንዳላስፈለጋት ነገረችን፤ ጋሼም «በይ እንዲያ ይሁን» ብለው ብሎኖቹን በሙሉ ራሳቸው አጠበቁ። በየማደሪያው እንድታጠብቃቸውም አደራ አሏት።

የእሽቅድድም ብስክሌቷን ቸርኬ አድሰን መለስንላት፤ እሑድ እሑድ ትነዳዋለች። ለጅማው ጉዞ ትርፍ ሽቦዎችን ከአጽሙ ጋር በፕላስተር አሰርኩላት። በቀኝ በኩል ሽቦ ቢበጠስ ጥርሶቹ ካልወጡ አዲሱን ማስገባት አይቻልም፤ ስለዚህ የጥርሱን መፍቻ ሰጠኋትና በቦርሳው ግርጌ ሳይሆን ከላይ፣ እጇ ወዲያው በሚያገኘው ቦታ እንድታኖረው አሳየኋት።