መጀመሪያ ስልክ ደውሉ፤ ውሻዬን እባብ የነደፈው ቀን

ቡቺ ሣር ውስጥ አፍንጫውን ሰክቶ ሲያነፈንፍ ድንገት ጮኾ ወደ ኋላ ዘለለ። የእባቡን ጅራት ብቻ ነው ያየሁት፤ ልከተለውም አልሞከርኩም። ከቡቺ አፍንጫ በላይ ሁለት ትንንሽ የደም ነጠብጣቦች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑ ተጨፈነ።

የአንገቱን ማሰሪያ ወዲያው ፈታሁለት፤ ፊት ሲነደፍ እብጠቱ ወደ አንገት ይወርድና ማሰሪያው ሊያንቀው ይችላል። በእግሩ እንዳይሄድ ተሸክሜ መኪና ውስጥ አስገባሁት። አልበጣሁትም፣ አልመጠጥኩትም፣ በረዶም አልያዝኩበትም። የሰው ማስታገሻም አልሰጠሁትም፤ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ውሻን ይመርዛሉ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «በአቅራቢያዎ ወዳለ ክሊኒክ ይውሰዱ» ይባላል፤ እኔም ሳልደውል ወሰድኩት። እንግዳ መቀበያው ላይ «ካርድ ያውጡ» አሉኝ። የውሻው ስም፣ ዕድሜ፣ የተከተበበት ቀን። እባብ ነድፎት ነው አልኩ፤ «ተራዎን ይጠብቁ» ተባልኩ። ቡቺ ጭኔ ላይ ለሃጩ እየተዝረበረበ ያቃስታል። ጮኼ መናገር ነበረብኝ፤ በጨዋነት ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ሐኪሙ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ወጋውና «እስቲ እናየዋለን» አለ። የእባብ መርዝ ማርከሻው መቼ እንደሚሰጠው ስጠይቅ ነው «እሱ እንኳ እኛ ጋ የለም» ያለኝ። ባልጠይቅ ኖሮ እዚያው ቁጭ ብለን «እናየው» ነበር! መርዙን የሚያከሽፈው ማርከሻው ብቻ ነው፤ ስቴሮይድ አይተካውም። ይህን ለማወቅ አርባ ደቂቃ ከፈልኩ።

መኪናው ውስጥ ሆኜ መደወል ጀመርኩ። ሦስተኛው ክሊኒክ «አለን፣ አምጣው» አለኝ።

እዚያ ያለችው ሐኪም መጀመሪያ ደም ቀድታ በመስታወት ብልቃጥ አቆመችው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ብልቃጡን ስታዘነብለው ደሙ እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ አልረጋም፤ መርዙ እንዳይረጋ አድርጎታል ማለት ነው። ማርከሻው ሰውነቱን ሊያስቆጣው ስለሚችል አድሬናሊን አጠገቧ አዘጋጅታ ማርከሻውን በደም ሥሩ ሰጠችው። ትንሽ ውሻ ስለሆነ መጠኑ ይቀነስለት እንደሆነ ጠየቅኳት። «የሚለካው በገባው መርዝ እንጂ በውሻው ክብደት አይደለም» አለችኝ። ከስድስት ሰዓት በኋላ እንደገና ደም ቀድታ አቁማ አዘነበለችው፤ ደሙ ረግቶ ብልቃጡ ሥር ተጣብቆ ቀረ። አለቀስኩ።

ቡቺ ዳነ። ከአፍንጫው በላይ ያለው ቆዳ ግን ሞቶ ተላጠ፤ ጠባሳው ላይ ፀጉር አልበቀለም። ባየሁት ቁጥር ያቺ የጥበቃ ወንበር ትታወሰኛለች።

ስለዚህ የምመክረው ቅርብ ወዳለው ሳይሆን ማርከሻ ወዳለው ክሊኒክ እንድትሄዱ ነው። አንዱ ሰው ውሻውን ተሸክሞ ሲወጣ ሌላው ይደውል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «የእባብ መርዝ ማርከሻ አሁን በእጃችሁ አለ?» «ሐኪም አለ» የሚል መልስ አይበቃም።

ማርከሻ ጊዜው ያልፍበታል፣ ያልቃልም። እኔ በየሁለት ወሩ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። ድምፄን ለይተውታል፤ ገና ሰላም ሳልላቸው «አለ» ይሉኛል።